ክሩስኮቱን ሙሉውን ከመቀየራችሁ በፊት

መኪናዬ የ1983 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ለአዲስ አበባ ሰው ዲኤክስ ምን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልግም። 4ኬ የሚባለውን ሞተሯን የማያውቅ ሜካኒክ ማግኘት ይከብዳል። ክሩስኮቱ ላይ፣ ማለትም ከመሪው ፊት ለፊት ፍጥነቱን፣ ቤንዚኑንና ሙቀቱን የሚያሳየው ዕቃ ላይ ሲደረስ ግን ብዙው እጁን ይሰበስባል። "እሱ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው" ብሎ ወደ ጎረቤቱ ይልካችኋል።

የእኔ ችግር እንዲህ ነበር። ቁልፉን ስከፍት የቤንዚኑም የሙቀቱም ቀስት ተያይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። ታንኩ ባዶ ቢሆን፣ ሞተሩ ሌሊቱን ቆሞ ቢያድር ግድ የላቸውም። የፍጥነቱ ቀስት ዝግ ብዬ ስነዳ ይንቀጠቀጣል። ማታ ደግሞ የክሩስኮቱ ግማሽ ጨለማ ነው፤ ቤንዚን መኖሩን ለማየት በስልኬ ባትሪ ማብራት ነበረብኝ።

ጋራዥ ወሰድኳት። ኤሌክትሪሺያኑ አልፈታውም፣ አልለካውም። በመስታወቱ አየት አደረገና "ሙሉውን ቀይረው፤ ሶማሌ ተራ ሞልቷል" አለኝ። ሄድኩ። የአሮጌ መኪና ዕቃ መሸጫ ሰፈር ነው፤ እውነትም ሞልቷል። አንዱ ሻጭ አቧራውን በእጁ ጠረግ አድርጎ "ወንድሜ፣ ይሄ ንጹሕ ነው፤ አንተ ብቻ ግጠመው" አለኝ። ይሠራል ወይ ስለው "መኪናው ላይ እያለ ይሠራ ነበር" አለ።

መልሱ ሐሰት አይደለም። ግን እሱ ጋ ያለውም የእኔን ያህል ዕድሜ ያለው ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው የቮልቴጅ ሬጉሌተር (ለመለኪያዎቹ የሚሄደውን ቮልት የሚያስተካክለው) እንደኔው አርባ ዓመት ሠርቷል። በዚያ ላይ የሌላ ሰው ኪሎ ሜትር ተጽፎበት ይመጣል። ነገ መኪናዋን ብሸጥ ለገዢው ምን ልል ነው? ሳልገዛ ተመለስኩና ራሴ ልፈታው ወሰንኩ። ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚያ ሥራ የገባኝን አንድ ነገር ለማካፈል ነው። ክሩስኮት ላይ ብልሽቶች በቡድን ነው የሚመጡት፤ አብረው የተበላሹት ነገሮች ምን እንደሚጋሩ ካወቃችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም፣ መቼ መቼ ነው የሚበላሸው? ጻፉት። ሁሉም ጌጅ (ባለ ቀስት መለኪያ) እና የማስጠንቀቂያ መብራት በአንዴ ከሞተ መጀመሪያ ፊውዝ እዩ። በብዙ ቶዮታ ላይ የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ "ጌጅ" የሚል ጽሑፍ አለ። ብዙ ጊዜ የኋላ ማርሽ መብራትም ከዚሁ ፊውዝ ነው የሚወስደው። የኋላ ማርሽ ስታስገቡ መብራቱ ካልበራ ክሩስኮቱን ለመፍታት አትቸኩሉ።

የቤንዚኑና የሙቀቱ ቀስት ብቻ አብረው ከሞቱ ወይም አብረው ወደ ላይ ከወጡ፣ የሚጋሩት ነገር የቮልቴጅ ሬጉሌተሩ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የዚያ ሴንሰር ወይም የራሱ ሽቦ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ፍሬቻ ስታበሩ የቤንዚኑ ቀስት አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም የፊት መብራት ስታበሩ የሙቀቱ ቀስት ከቦታው ከተነሣ፣ ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ፣ ጎድሏል ማለት ነው። ፍጥነቱ ግን በእንደኔ ዓይነት መኪና ላይ ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) በሚዞር ገመድ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እሱን ለብቻው አድርጋችሁ አስቡት።

የእኔን ወረቀት ሳየው ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች እንደሆኑ ገባኝ። ሬጉሌተሩ፣ መብራቱ፣ የኪሎ ሜትር ገመዱ። ኤሌክትሪሺያኑ ሦስቱን አንድ ላይ አይቶ ነው "ሙሉውን ቀይር" ያለኝ። ብቀይረው ኖሮ ገመዱ እንዳለ ይቀር ነበር።

አሁን ስለ ጌጆቹ ትንሽ ላስረዳ፤ ይህ ካልገባ ፍተሻው አይገባም። በእነዚህ አሮጌ ቶዮታዎች የቤንዚንና የሙቀት ጌጅ ውስጥ የሁለት ብረት ቅጠል አለ። በላዩ ላይ ቀጭን ሽቦ ተጠቅልሏል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል፤ ቅጠሉም ይታጠፍና ቀስቱን ይገፋል። ቁልፍ ስትከፍቱ ቀስቱ ቀስ እያለ የሚወጣው ለዚህ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡም የማይዘለው ለዚሁ ነው። ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍ የሚወስነው ሴንሰሩ ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ወደ ታች ሲወርድ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይጨምራል፤ ከፍ ሲል ይቀንሳል። ባዶ ሲሆን ከ100 ኦም በላይ፣ ሙሉ ሲሆን ከ20 ኦም በታች ብትለኩ ጤናማ ነው። የሙቀቱ ሴንሰርም እንዲሁ ነው። ውሃው ሲግል መቋቋሙ ይወርዳል።

ችግሩ የመኪና ቮልቴጅ አንድ ቦታ አይቆምም። ሞተር ሳይነሣ 12 ቮልት፣ ዲናሞው ሲሠራ ወደ 14 ነው። ጌጆቹ በቀጥታ ከዚህ ቢመገቡ ቤንዚን ሳትቀዱ ነዳጅ የጨመረ ይመስላል። ስለዚህ ፋብሪካው መካከል ላይ ሬጉሌተር አስገባ። እሱም ራሱ የሁለት ብረት ቅጠል ነው። ይነካል፣ ይሞቃል፣ ይላቀቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይነካል። በአማካይ ወደ 7 ቮልት ገደማ ይሰጣል። በዲኤክስ ላይ የሚገኘው በቤንዚን ጌጁ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ለብቻው የተቀመጠ ዕቃ እየፈለገ ይደክማል።

ክሩስኮቱን ሳትፈቱ ማድረግ የምትችሉት ፍተሻ አለ። የሙቀት ሴንሰሩን ሽቦ ሞተሩ ላይ ንቀሉ። ቁልፍ ክፈቱ። ቀስቱ ታች ቀዝቃዛው ላይ መቅረት አለበት። ቀጥሎ የተነቀለውን ሽቦ 3.4 ዋት በሆነች ትንሽ አምፖል በኩል ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። ቀስቱ ወደ ሙቁ መሄድ፣ አምፖሏም መብራት አለባት። እንዲህ ከሆነ ጌጁና ሽቦው ደህና ናቸው፤ የተበላሸው ሴንሰሩ ነው። ሽቦውን ያለ አምፖል በቀጥታ ብረት ላይ አስነክታችሁ አትቆዩ። ጌጁ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ሊቃጠል ይችላል።

ለቤንዚኑም ፍተሻው ያው ነው፤ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ታንኩ አጠገብ ብልጭታ አያስፈልግም። ታንኩን አትክፈቱ። ሽቦውን ከሶኬቱ ንቀሉና በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያው) ኦሙን ብቻ ለኩ። መኪናዋ ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ትቁም። ሲጋራ የያዘ ጓደኛ ካላችሁ ቡና ግዙና ሌላ ቦታ አስቀምጡት።

በእኔ መኪና የሙቀት ሴንሰሩን ሽቦ ስነቅል ቀስቱ ወረደ። መልሼ ስሰካው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ወጣ። ቤንዚኑም ተመሳሳይ ነው። ሁለት ሴንሰር በአንድ ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚበላሽበት ዕድል በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ ሬጉሌተሩ ነው አልኩና ፈታሁት።

አፈታቱ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ይህን ሳታደርጉ ከክሩስኮት ጀርባ እጃችሁን አትክተቱ፤ እዚያ ፊውዝ የማይጠብቃቸው ሽቦዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ቀጥሎ በዙሪያው ያለውን የፕላስቲክ ማዕቀፍ የያዙትን ብሎኖች ፍቱ። አሮጌ ፕላስቲክ ደርቋል፤ ጠዋት ብርድ ላይ ከታገላችሁት ይሰነጠቃል። እኔ መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁሜ ከሰዓት ነው የፈታሁት። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል። ከየት ከየት እንደወጡ በየለስላሳ ቆርኪው ለያይታችሁ አስቀምጡ። በየደረጃው በስልክ ፎቶ አንሡ።

ክሩስኮቱ ትንሽ ከወጣ በኋላ ይቆማል። የሚይዘው የኪሎ ሜትር ገመዱ ነው። አትሳቡት። በሞተሩ በኩል ገመዱ በጎማ ቀለበት አድርጎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኩል ትንሽ ገፋ ብታደርጉት እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይገኛል። ከጀርባው ያለችውን የፕላስቲክ መቆለፊያ በጣት ተጭናችሁ አላቁት። ከዚያ ሶኬቶቹን ንቀሉ። ሶኬት የሚነቀለው አካሉን ይዞ ነው፤ ሽቦውን ይዞ የሚጎትት ሰው ሌላ ሥራ ይጨምራል።

ጀርባው ላይ ሽቦ የለም። ስስ ፕላስቲክ ላይ የታተመ የመዳብ መስመር ነው ያለው። እኔ ፊልም እለዋለሁ። ጌጆቹ በፊልሙ ላይ በትንንሽ ዳዶዎች ተይዘዋል። ልብ በሉ፣ እነዚያ ዳዶዎች ጌጁን ይይዛሉ፤ ኤሌክትሪኩንም የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው። ከላሉ ወይም አረንጓዴ ዝገት ከያዙ ጌጁ የሞተ ይመስላል። እያንዳንዱን ፈትቼ፣ ሥሩን በእርሳስ ማጥፊያ ላጲስ አጽድቼ መልሼ አጠበቅሁት። ላጲስ ለዚህ ሥራ ከአሸዋ ወረቀት በጣም ይሻላል። አሸዋ ወረቀት መዳቡን ራሱን ይዞ ይሄዳል። ሶኬቱ የሚገባበትን ጠርዝም እንዲሁ አድርጉ። ለማጠቢያ የኮንታክት ስፕሬይ ወይም አልኮል ይሆናል። በቤንዚን የሚያጥቡ አይቻለሁ። ፕላስቲኩን ያበላሻል፣ ሽታውም ከመኪናው አይወጣም።

የእኔ ፊልም ሶኬቱ አጠገብ የታጠፈበት ላይ ተሰንጥቆ ነበር። የመብራቱ ግማሽ የጠፋው ለዚህ ነው። ፊልም ላይ ሶልደር ማድረግ ይቻላል፤ ግን ሙቀቱ ከቆየ ፕላስቲኩ ይቀልጥና መስመሩ ይነሣል። ስለዚህ ከላይ ያለውን መሸፈኛ በምላጭ ፋቅ አድርጌ፣ ቀጭን ሽቦ ቀድሜ በሶልደር ቀብቼ፣ ከተሰነጠቀው ወዲያና ወዲህ ቶሎ አያያዝኩት። ስንጥቁ ሰፊ ከሆነ ግን ከፊልሙ ጋር አትታገሉ። ከአምፖሉ መያዣ ወይም ከጌጁ ዳዶ ተነሥታችሁ እስከ ሶኬቱ ድረስ አዲስ ሽቦ ዘርጉ። ከጀርባ ስለሆነ ማንም አያየውም።

ሬጉሌተሩን የፈተሽኩት ቀላል በሆነ መንገድ ነው። ክሩስኮቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከባትሪ 12 ቮልት ሰጠሁት። ሬጉሌተሩ ወደ ሙቀት ጌጁ የሚልክበት ዳዶ ላይ አንዲት 3.4 ዋት አምፖል አያያዝኩ። ጤናማ ከሆነ አምፖሏ ብልጭ ድርግም ትላለች። የእኔዋ ሳትቆራረጥ ደምቃ በራች። ነጥቦቹ፣ ማለትም ሬጉሌተሩ ውስጥ የሚነካኩት ጫፎች፣ ተጣብቀዋል ማለት ነው። 12 ቮልቱ እንዳለ ወደ ጌጆቹ ይሄዳል፤ ቀስቶቹም ይወጣሉ። በተቃራኒው አምፖሏ ጭራሽ ካልበራች ነጥቦቹ አይገናኙም፤ ያኔ ሁለቱም ቀስቶች ታች ይቀራሉ። ዲጂታል ቴስተር እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ ቁጥሩ ከ0 ወደ 12 እየዘለለ ግራ ያጋባል። አሮጌው ባለ ቀስት ቴስተር ይሻላል። ሬጉሌተሩን ከመፍረዳችሁ በፊት ደግሞ የክሩስኮቱን ማሳ አረጋግጡ። በብዙ የዚህ ዓይነት ሬጉሌተር ማሳው ከጠፋ ነጥቦቹ ተዘግተው ይቀራሉ፤ ምልክቱም ያው ይሆናል።

ነጥቦቹን አላቅቆ ማጽዳት ይቻላል። እኔ አልወደድኩትም። አርባ ዓመት የሠራ ነጥብ ተጠርጎ ስንት ጊዜ ይቆያል? በምትኩ በኤሌክትሮኒክስ ሬጉሌተር ለወጥኩት። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኞች ሁሉ የሚያውቁት ኤልኤም 317 የሚባል ባለ ሦስት እግር ዕቃ አለ። ከመውጫው እግር ወደ ማስተካከያው እግር 240 ኦም፣ ከማስተካከያው እግር ወደ ማሳ 1,100 ኦም ሬዚስተር ብታደርጉ 7 ቮልት ገደማ ይሰጣል። መግቢያው ላይ 0.1፣ መውጫው ላይ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ። ከመግጠማችሁ በፊት አምፖል ጭናችሁ ለኩት። ይሞቃል፤ ስለዚህ ቁራጭ አሉሚኒየም ላይ ይታሰር። አንድ ነገር ግን እንዳትዘነጉ፦ የዚህ ዕቃ የጀርባ ብረት ከመውጫው ጋር የተገናኘ ነው። ከመኪናው አካል ጋር ካስነካችሁት 7 ቮልቱን በቀጥታ ማሳ አደረጋችሁት ማለት ነው። ሚካ ወይም የጎማ መለያ ከሥሩ ይግባ።

አዲሱን ስትገጥሙ አሮጌው መገለል አለበት። ሁለቱ አብረው ከሠሩ ጌጆቹ ትክክል አያሳዩም። የጌጁን ጀርባ ከፍቼ በአሮጌዎቹ ነጥቦች መካከል ሙቀት የሚችል መለያ አስገባሁ። ለአሮጌው የሚመጣውን 12 ቮልትም ቆረጥኩና ወደ አዲሱ መግቢያ አዞርኩት። 7 ቮልቱን ጌጆቹ ወደሚመገቡበት ዳዶ ሰጠሁ። ቀስቱን አትንኩ፣ ከዘንጉም አትንቀሉት። አንዴ ከተነቀለ ወደ ትክክለኛ ቦታው መመለስ ፈተና ነው።

የመብራቱ ነገር አጭር ነው። አምፖሎቹ በሩብ ዙር የሚወጡ ናቸው። የጠቆረውን ሁሉ ቀይሩ፤ ዛሬ አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ ነገ ሌላው ይሄድና እንደገና መፍታት ነው። ኤልኢዲ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ብዙ አይሞቅም። ግን አቅጣጫ አለው፤ ካልበራ አገላብጣችሁ ክተቱት። ለዲናሞው መብራት ግን ኤልኢዲ አላደርግም። በአንዳንድ መኪኖች ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በዚያች አምፖል በኩል በሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። መስታወቱን በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ አጠብኩት። ትንንሽ ጭረቱን የጥርስ ሳሙና አወጣልኝ።

የዘይቱን መብራት ግን አትለፉት። ከክሩስኮቱ ሁሉ ዋናው እሱ ነው እላለሁ። ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተር ሳታስነሡ የዘይቱ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሏ ተቃጥላለች ወይም ሽቦዋ ተቆርጧል። ዘይት በሌለበት ቀን ማን ይነግራችኋል? አሮጌ መኪና ስትገዙም መጀመሪያ ይህን እዩ። መብራቱን ሆን ብሎ የሚያጠፋ ሻጭ አይጠፋም።

ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። ገመዱ ከካምቢዮ ተነሥቶ እየዞረ ክሩስኮቱ ውስጥ ያለ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ አጠገቡ ያለችውን የአሉሚኒየም ኩባያ ሳይነካት ይጎትታታል። ትንሽ ስፕሪንግ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዛታል። ቀስቱ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ምልክቱን ማንበብ ቀላል ነው። ቀስቱም የኪሎ ሜትር ቁጥሩም ከቆሙ ገመዱ ወይም ካምቢዮው ላይ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ነው። ቁጥሩ እየሄደ ቀስቱ ከሞተ ጥፋቱ ጌጁ ውስጥ ነው። ቀስቱ እየሠራ ቁጥሩ ከቆመ ከውስጥ ያለች ትንሽ ጥርስ ተሰንጥቃለች። እንደኔ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ገመዱ ደርቋል ወይም የሆነ ቦታ ተጣጥፏል።

የውስጡን ገመድ ሳቡና አውጡት። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በጣት አንከባሉት። የሚዘልበት ቦታ ካለ ተጣሟል፤ ይቀየር። የእኔ ቀጥ ያለ ነበር፤ አሮጌው ግሪስ ግን ደርቆ ጠጠር ሆኗል። አጠብኩትና ስስ ግሪስ ቀባሁት። የላይኛውን ጫፍ፣ ወደ ክሩስኮቱ የሚገባውን፣ ሳትቀቡ ተዉት። ግሪሱ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣና ማግኔቱ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ጌጁ ራሱ ይበላሻል። ገመዱ የካምቢዮ ዘይት ጠጥቶ ካገኛችሁት ደግሞ ታች ያለው የዘይት ማኅተም አልቋል።

መኪናውን ሳትነዱ ጌጁን መፈተሽም ይቻላል። በጃፓን መለኪያ ገመዱ በ1 ኪሎ ሜትር 637 ጊዜ ይዞራል። በደቂቃ 637 ዙር ከሆነ 60 ማሳየት አለበት ማለት ነው። የገመዱን የታች ጫፍ በድሪል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ቀስቱ የሚወጣበትን አቅጣጫ መጀመሪያ በጣታችሁ ለዩ። መንገድ ላይ ደግሞ የስልክ ጂፒኤስ ለማወዳደር ይበቃል።

ከመግጠሜ በፊት አንድ ተጨማሪ ሥራ ሠራሁ። ከክሩስኮቱ ማሳ አንድ ሽቦ አውጥቼ ቀለሙ ከተፋቀ የመኪናው ብረት ላይ በብሎን አሰርኩት። በዚህ ዕድሜ የፋብሪካውን ማሳ ብቻ ማመን አልፈልግም። ከዚያ ብሎኖቹን ሳላስር ሁሉንም ሰካሁና ሞከርኩ። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ የሙቀቱን ቀስት ጠበቅሁ። ቀስ ብሎ ወጣና መካከሉ አካባቢ ቆመ።

የሙቀቱ ቀስት ለምን ይህን ያህል ያስጨንቅሃል የሚለኝ ሰው አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ የሚችለው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ከደከመ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ራሱ ይፈላል። ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ ዓባይን ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ስትወጡማ የሚነግራችሁ ቀስቱ ብቻ ነው። የ4ኬ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ነው፤ ከጋለ ይጣመማል። ቴስታታ ከማስጠረብ ክሩስኮት መፍታት በብዙ ይረክሳል።

አዲስ መኪና ግዛና ተገላገል የሚሉኝም አሉ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ምን ያህል ታክስ እንደጫነ ታውቃላችሁ። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ያለችውን ማቆየት የብዙዎቻችን ዕጣ ነው።

ክሩስኮታቸው በኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ለሚሠራ አዳዲስ መኪኖች ከላይ ካልኩት ብዙው አይሠራም። እዚያ ቀስቱን የሚያዞረው ስቴፐር የሚባል፣ በትንሽ በትንሽ እርምጃ የሚዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የተለመደው ብልሽትም የሞተሩ መሞት ወይም ከቦርዱ ጋር ያያዘው ሶልደር መሰንጠቅ ነው። በቡድን ማሰቡ ግን እዚያም ይረዳል፤ አንድ ቀስት ብቻ ከሞተ ሞተሩ፣ ሁሉም አንዳንዴ እየጠፉ የሚመለሱ ከሆነ ኃይሉ ወይም ሶልደሩ። ኪሎ ሜትሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ቦርዱ ላይ በቺፕ ነው የሚቀመጠው። ሌላ ክሩስኮት ከገጠማችሁ የሌላ መኪና ኪሎ ሜትር ይመጣል። አሜሪካ ያላችሁ ይህን በተለይ ልብ በሉ፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ መነካካት በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል። ሲጠገን የድሮውን ቁጥር መመለስ ካልተቻለ ወደ ዜሮ ይደረጋል፤ የቀድሞው ንባብና የተጠገነበት ቀን ተጽፎ በግራው በር ማዕቀፍ ላይ ይለጠፋል። እዚህም ቢሆን የአሮጌውን ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።

የመጨረሻው ሥራ የቤንዚኑን ቀስት መለማመድ ነው። አዲሱ ሬጉሌተር ከድሮው ትንሽ ሊለይ ይችላል። ታንኩ ሊያልቅ ሲል ማደያ ሄጄ በአምስት በአምስት ሊትር አስቀዳሁ። ቀጂው "አባቴ፣ አንዴ አትሞላውም?" እያለኝ በየመካከሉ ቀስቱ እስኪረጋ ጠበቅሁና የቆመበትን ጻፍኩ። ወረቀቱ ፀሐይ መከላከያው ጀርባ ላይ ተለጥፏል። የእኔዋ ሩብ ላይ ስትደርስ ከሩብ ትንሽ ያነሰ ነው ያላት፤ ስለዚህ ሩብ ሳይደርስ እቀዳለሁ።